ከ36ቷ ፊልም እስከ ድሮን

የተከበራችሁ የሰርግ ፎቶ አንሺዎች ማኅበራችን አባላት፣ እንኳን ለዓመታዊ ጉባኤያችን በሰላም አደረሳችሁ። ከሸዋሮቢትና ከደብረ ሲና ጣርማበርን በጉም አቋርጣችሁ፣ ከመንዝና ከአንኮበር በሌሊት ተነስታችሁ መጥታችኋል። ደብረ ብርሃን ከነብርዷ ተቀብላችኋለች።

እኔ ሥራውን ስጀምር አንድ ፊልም 36 ፎቶ ነበር የሚያነሳው። ለአንድ ሰርግ ሦስት ፊልም ከተያዘ ብዙ ነው። ሙሽሮቹ ከአማቾች ጋር፣ ከሚዜዎች ጋር፣ ከአያት ጋር፣ ሁሉም ቀጥ ብሎ ካሜራውን እያየ ይነሳል። ማንም አይስቅም። ወጣቶቹ ዛሬ «የመታወቂያ ፎቶ ይመስላል» ይላሉ። ግን አያት አሉበት። ጎረቤት አለበት። ዳሱም ይታያል።

ከዚያ ዲጂታል መጣ። ሰው ሳያውቅ የሚነሳው ፎቶ ተወደደ። እኔም እወደዋለሁ። ሙሽራዋ የእናቷን ጉልበት ስትስም የእናትየው እጅ ጀርባዋ ላይ ያርፋል። እሱን «እስኪ ድገሙት» ብሎ ማግኘት አይቻልም። ቀጥሎ ድሮን መጣ፣ አሁን ደግሞ ለቲክቶክ ስልኩን አቁሞ መቅረጽ። ይምጣ፣ እንማረዋለን።

እኔን የሚያሳስበኝ ቀለሙ ነው። ሁሉን ነገር ቡናማ የሚያደርግ ፕሪሴት፣ ማለትም አስቀድሞ የተዘጋጀ የቀለም ማስተካከያ፣ አውርደን ፎቶው ላይ እንጭናለን። ሀበሻ ቀሚሱ ሻይ የፈሰሰበት ይመስላል። የጥለቱ አረንጓዴ ይሞታል። ሸማኔው ስንት ቀን የደከመበትን እኛ በአንድ ጠቅታ እናጠፋዋለን። ሌላም አለ። ካሜራ ነጭ ሲበዛበት ብርሃን ይቀንሳል። ቬሎው ግራጫ ይሆናል፣ የሙሽራዋ ፊት ይጨልማል። ያን ጊዜ እዚያው ብርሃን መጨመር ነው እንጂ በኋላ ኮምፒውተር ላይ ፊቷን ማንጣት ምን ይባላል? ልጅቷ ጠይም ናት። ጠይም ሆና ነው ያማረችው።

ደግሞስ የጣርማበር አፋፍና አንኮበር እያሉን፣ ሙሽሮችን ለፎቶ 130 ኪሎ ሜትር ነድተን አዲስ አበባ ምን ይወስደናል?

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከዓመታት በፊት የአንድ ሰርግ ፎቶ የያዘ ሃርድ ዲስኬ ተበላሸ። ቅጂ አልነበረኝም። ሙሽራዋ አባቷ ካረፉ በኋላ መጣች። ከአባቷ ጋር የተነሳችውን ፈልጋ ነው። የምሰጣት አጣሁ። ዛሬም ሳስበው ያመኛል። በፊልም ዘመን ቢሆን ኔጌቲቩ ከመሳቢያ፣ ፎቶውም ከቤቷ ግድግዳ አይጠፋም ነበር።

ስለዚህ ለጉባኤው ሁለት ሐሳብ አቀርባለሁ። በየውላችን ውስጥ ትንሽም ብትሆን የታተመች አልበም ትግባ፤ ወላጆችና አያቶች ያሉበት ፎቶ ከውስጧ አይቅር። የእያንዳንዱ ሰርግ ፎቶ ደግሞ በሁለት የተለያየ ቦታ ይቀመጥ። የጥር ሰርግ ሳይደርስብን ዛሬውኑ ተወያይተን እንወስን።

ጉባኤያችን ተከፍቷል። መድረኩ የእናንተ ነው።