አባ ሻስታን ምን እያሰቡ ነበር?

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ ስለ ሌላ ነገር ላወራ ነበር። ግን አንድ መነኩሴ ከጭንቅላቴ አልወጣ አሉኝ።

በፈረንጆቹ 1648፣ ሴፕቴምበር 19። ፈረንሳይ፣ ክሌርሞን ከተማ፣ የገዳም ግቢ ውስጥ። ፔሪዬ የሚባል ሰው የብርጭቆ ቱቦ በሜርኩሪ ይሞላል። አፉን በጣቱ ይደፍንና ሜርኩሪ ያለበት ዕቃ ውስጥ ገልብጦ ያቆመዋል። ሜርኩሪው ትንሽ ወረድ ይላል፤ ከዚያ 71 ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ ቀጥ። የሚደግፈው ውጭ ያለው አየር ነው። ሁለተኛውንም ቱቦ እንደዚያው፤ እኩል መጡ።

አንዱን ይዞ ፒዊ ደ ዶም ተራራ ወጣ። ሐሳቡ የሚስቱ ወንድም የሳይንቲስቱ የፓስካል ነው። አማች ሲያዝ እምቢ አይባልማ! ሌላኛው ቱቦ እዛው ቀረ። አባ ሻስታን ቀኑን ሙሉ እያዩ እንዲጠብቁት ተነገራቸው።

ተራራው ጫፍ ላይ ሜርኩሪው 8 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ዝቅ አለ። እዚያ ያለችው ቤተ ጸሎት ውስጥ ለኩ፣ ንፋስ ላይ ለኩ፣ ጉም ውስጥ ለኩ፤ ያው ነው። ወደ ላይ ሲወጣ ከላያችን የሚጫነን አየር ይቀንሳል፣ አለቀ። እኛ አዲስ አበባ ብናቆመው 58 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው የሚቆመው፤ ባሕር ጠለል ላይ 76። ውሃችንም 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 92 አካባቢ ይፈላል። የእኔ ባቄላ ያልበሰለው ለዚህ ነው፤ አሁን እስቲ ሳቁ!

ምን እያልኩ ነበር? አዎ፣ አባ ሻስታን። እነዚያ ላይ ሆነው በደስታ ሊያብዱ ነው፤ እሳቸው ታች ቱቦ ያያሉ። ሰማዩ ይጠራል፣ ይዘንባል፣ ይነፍሳል። ሜርኩሪው ንቅንቅ የለም። እሳቸው ባይኖሩ «አየሩ ራሱ ዛሬ ተለዋውጦ ይሆናል» ብሎ የሚከራከር አይጠፋም ነበር። የግፊት መለኪያ አሃዱ ግን ዛሬ ፓስካል ነው የሚባለው። ሻስታን የሚባል መለኪያ የለም። ይሄ ያናድደኛል።

ወይ ደግሞ እኔ ነኝ የማካብደው። ሰውየው ደስ ብሏቸው፣ ዳዊታቸውን እየደገሙ ውለው ይሆናል። ማን ጠየቃቸው?

ቆይ ግን... ቢንቀሳቀስስ? ፔሪዬ ተራራ ላይ ነው፣ ስልክ የለ። ማታ ሁሉም እየፈነደቀ ሲመለስ «ይቅርታ፣ የእኔም ወርዷል» ይላሉ? እኔ ብሆን... አላውቅም። እናንተስ ትሉ ነበር?