አንድ ሌሊት ስጡኝ

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ጣና ዳር ቁጭ ብዬ ነው የምቀዳው። መሀል ላይ የጀልባ ሞተር ከሰማችሁ ታገሡኝ።

ያደግኩት እዚሁ ባሕር ዳር ነው። ለኛ ሳይክል እግር ነበር። ትምህርት ቤት በሳይክል፣ ገበያ በሳይክል፣ ጠብም በሳይክል። ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ ከወዲያኛው ሰፈር ልጆች ጋር ተጣላን። መነሻው ኳስ ነበር መሰለኝ። እውነቱን ለመናገር ምክንያቱን በትክክል የሚያስታውስ ሰው እስካሁን አላገኘሁም። ብቻ አንድ ምሽት ከእኛ አንዱ ጭኑ ላይ ተወጋ። በባጃጅ ሆስፒታል ወሰዱት።

እኛ ሐይቁ ዳር ተሰበሰብን። ስምንት ነን። አንዱ ልጅ ከአሮጌ ሳይክል ጎማ የነቀለውን ሽቦ ድንጋይ ላይ ይሞርዳል። ውኃ ውስጥ ይነክረዋል፣ ይስለዋል፣ ጫፉን በአውራ ጣቱ ይሞክረዋል፣ ደግሞ ይነክረዋል። መያዣው ላይ የጎማ ቁራጭ ጠምጥሞበታል። ድምፁ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። ማንም አያወራም። እኔ ፈርቻለሁ። ግን ተነስቼ ወደ ቤት ብሄድ ነገ በየት በኩል ነው የማልፈው? ከጠላት ይልቅ የፈራሁት ጓደኞቼን ነበር።

ይህ ትዝ ያለኝ ሰሞኑን ስለ ወጣት ጋንጎች ሳነብ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በዓመት ከ15 እስከ 29 ዓመት የሆናቸው 193,000 ገደማ ወጣቶች በሰው እጅ እንደሚሞቱ ገምቷል። ቁጥሩ ከመብዛቱ የተነሳ ሰውን አይነካም። እኔን የነካኝ ኤም ኤስ 13 የሚባለው ጋንግ አጀማመሩ ነው። የመካከለኛው አሜሪካዋ አገር የኤል ሳልቫዶር ጋንግ ሲባል እዚያው የበቀለ ይመስለኝ ነበር። ለካ የተወለደው አሜሪካ፣ ሎስ አንጀለስ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ። ከኤል ሳልቫዶር የእርስ በርስ ጦርነት የሸሹ ቤተሰቦች ልጆች፣ የሌላ ሰፈር ጋንግ ሲያስቸግራቸው ተሰባሰቡ። በ1990ዎቹ አሜሪካ ብዙዎቹን ጠርዛ መለሰቻቸው። ጦርነቱ ገና በ1992 ያበቃባት አገር ላይ ወረዱ፤ እዚያም በዙ። እንግዲህ ነገሩ የተጀመረው "ራሳችንን እንጠብቅ" ተብሎ ነው። እኛም ያን ማታ ስንባባል የነበረው ይህንኑ ነው።

ኤል ሳልቫዶር እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2022 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጀች። ከ80,000 በላይ ሰው ታሰረ። ግድያው እጅግ ቀንሷል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ልጇን ማታ ሱቅ መላክ የቻለች እናት ብታመሰግን አልፈርድባትም። ግን ከታሰሩት ውስጥ ምንም የማያውቁ አሉ፤ እስር ቤት የሞቱም አሉ። እኛ ስምንታችን እዚያ ብንሆን ስምንታችንም እንታፈስ ነበር። ሽቦውን የሞረደውም፣ ፈርቶ ቁጭ ያለውም።

ሌላም ሰው አለ። ጌሪ ስላትኪን ይባላል፣ አሜሪካዊ ሐኪም ነው። ሶማሊያ የስደተኞች ካምፕ ውስጥ ከሳንባ ነቀርሳና ከኮሌራ ጋር ሲታገል ቆይቶ አገሩ ገባ። የከተሞቹን የግድያ ካርታ ሲያየው የወረርሽኝ ካርታ መሰለው። ይሄ ነገር ይተላለፋል አለ። አንዱ ሲመታ ቀጣዩን ያስመታል። እ.ኤ.አ. በ2000 ቺካጎ ውስጥ ዌስት ጋርፊልድ ፓርክ በሚባል ሰፈር ሥራ ጀመረ። ከዚያም ድሮ ራሳቸው ጋንግ ውስጥ የነበሩ ሰዎች ተቀጠሩ። ሥራቸው ሰው ሲጎዳ በቀሉ ሳይነሳ ቀድሞ መድረስ ነው። ዘዴው በሄደበት ሁሉ እኩል አልሠራም። ግን ሳነብ ሳቄ መጣ።

ጎጃም ተወልዶ ይህን የማያውቅ ማን አለ? "ደም መላሽ" እያልን የምናሞግሰው እኛ፣ ሽማግሌ ሰደን፣ ካሳ ቆርጠን፣ ደም የምናደርቀውም እኛው። ቅር የሚለኝ ሽምግልናው ለአዋቂ ብቻ መሆኑ ነው። ለአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ማን ሽማግሌ ይልካል? "ዱርዬ ነው፣ ተወው" ተብሎ ይታለፋል። ከዚያ ሲያድግ ደም መላሽ ይሆናል።

ለኛ ግን አንድ ሰው መጣ። ያን ማታ፣ በጨለማ፣ የሰፈራችን ሳይክል ሠሪ። ጉንጩ ላይ ረጅም ጠባሳ አለው፤ ስለሱ ጠይቀን መልስ አግኝተን አናውቅም። ሳይክሉን ዛፍ ላይ አስደግፎ መሀላችን ቁጭ አለ። አልተቆጣም፣ አልመከረም።

"ከሆስፒታል ነው የመጣሁት" አለ። "ተሰፍቷል። ውኃ ጠይቆ ጠጥቷል። እናንተን ጠይቋል።"

ከዚያ ዝም። ሽቦ ሞራጁ እንኳን እጁን አቆመ።

"ነገ የፈለጋችሁትን አድርጉ፤ አልከለክላችሁም። ይቺን አንድ ሌሊት ግን ስጡኝ።"

"ጋሼ፣ እነሱ ቢመጡስ?" አለ አንዱ።

"እነሱ ጋ አሁን ደርሼ ነው የመጣሁት።"

እሺ ያለ ሰው አልነበረም። ግን አንድ በአንድ ተነሳን። እንቅልፍ እንደዚያ ማታ ጣፍጦኝ አያውቅም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ጎማዬ ተንፍሶብኝ እሱ ዘንድ ሄድኩ። የዕቃ ሳጥኑን ሲከፍት አየኋት፤ ያቺ የተሞረደች ሽቦ፣ የጎማ ቁራጭ እንደተጠመጠመባት። እንዴት እጁ እንደገባች አልጠየቅኩም። ጎማዬ ላይ የተሰነቀረውን የጠርሙስ ስባሪ በእሷ ፈልቅቆ አወጣልኝ።

"ጥሩ አድርጎ ነው የሳላት" አለኝ። ሂሳብ አልተቀበለኝም።