ቮልስ መሪዋ ድሮም እንዲህ አይደለም

የተከበራችሁ የቮልስ ወዳጆች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ከአዳማና ከቢሾፍቱ ነድታችሁ የመጣችሁ ደግሞ ክብር ይስጥልን።

አዘጋጆቹ ስለ ፊት እግርና ስለ መሪ አጠር አድርገህ ተናገር ብለውኛል። እሺ። እኔ ግን በዋናነት የመጣሁት ስለ ግራሶ ለመናገር ነው።

ሁላችሁም ጋራዥ ውስጥ የሰማችሁት ነገር አለ። መሪው ተርገፈገፈ ስትሉ፣ «ቮልስ ድሮም እንዲህ ናት» ትባላላችሁ። ውሸት ነው! ስትሠራ እንዲህ አልነበረችም።

የፊት እግሯን አስታውሱ። ባሌስትራ የላትም፣ ሞላም የላትም። ከግራ ወደ ቀኝ የተጋደሙ ሁለት ቱቦዎች አሏት፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች። በውስጣቸው ስስ ዝርግ ብረቶች አንድ ላይ ታስረው መሃላቸው ላይ ተቆልፈዋል። ጎማው ጉብታ ሲወጣ ጎማውን ከቱቦው ጋር የሚያገናኘው ክንድ ይነሳል፣ ብረቱ ይጠመዘዛል። ሲፈታ ጎማውን ወደ ቦታው ይመልሳል። ፈርዲናንድ ፖርሽ ይህን አሠራር ፓተንት ያስመዘገበው በ1931 በፈረንጆቹ ነው። ያ ብረት ዛሬም ከስራችን እየተጠመዘዘ ነው።

በፈረንጆቹ ከ1966 ሞዴል ጀምሮ ቦል ጆይንት፣ ማለትም ክብ ራስ ያለው መጋጠሚያ፣ ገባ። ከዚያ በፊት በተሠሩት ግን ጎማው ወደ ግራና ቀኝ የሚዞረው ኪንግ ፒን በሚባል የቆመ ወፍራም ፒን ላይ ነው። እሱን ከክንዶቹ ጋር የሚያገናኙት ሊንክ ፒኖች ናቸው። ፒኑ ቦኮላው፣ ማለትም ፒኑን የሚያቅፈው ቀለበት፣ ውስጥ ይዞራል። በሁለቱ መሃል ያለው ግራሶ ብቻ ነው። ሌላ ምንም የለም።

በሰፈሬ አንዲት እናት አሉ። ባለቤታቸው ሲያርፉ የ1963 ቮልስ ትተውላቸዋል። ልጃቸው ነው የሚነዳት። 60 ላይ ስትደርስ መሪው ከእጁ ሊያመልጥ ይደርሳል። ጋራዥ ወሰዳት፣ ቴስቲና፣ ማለትም የመሪው ዘንግ ጫፍ መጋጠሚያ፣ ቀየሩ። ተርገፈገፈች። ጎማ ግዛ አሉት፣ ገዛ። ባላንስ አሠራ። አሁንም ያው። ከዚያ የመሪውን ሳጥን ብሎን ጥርቅም አድርገው አጠበቁት። ይባስ ብሎ መሪው ከታጠፈ በኋላ አልመለስ አለ፣ ኩርባ በመጣ ቁጥር ልጁ በግድ ይመልሰዋል። መጨረሻ ላይ ምን ቢሏቸው ጥሩ ነው? «እማማ፣ ይቺን ሽጠው ይገላገሉ።»

ከዚያ እኛ የመኪናዋን ፊት በክሪክ አነሳን። ጎማውን ከላይና ከታች ይዘን ስንወዘውዘው ቀጭ ቀጭ ይላል። ፒኑን አወጣነው። አንድ ጎኑ ተበልቶ ያብረቀርቃል። ጣት ሲያርፍበት እርከኑ ይታወቃል። አሮጌው ግራሶ እንደ ደረቀ ጧፍ በጥፍር ይፋቃል።

ልጁ ግራሶ አላስደረገላትም ማለት አይደለም። በየጊዜው ያስደርግላት ነበር። ግን መሬት ላይ እንደቆመች ነው! ክብደቷ ፒኑን ወደ አንድ ጎን ይጫነዋል። ግራሶው ክፍት ባገኘው በኩል ሾልኮ ይወጣል። ብረት ከብረት ጋር የሚፋጭበት ጎን ደረቅ ሆኖ ይቀራል። የፋብሪካው መመሪያ «ፊቷን አንስታችሁ ግራሶ አድርጉ» የሚለው ለዚህ ነው።

ክሪክ ማስገባት ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ለዚህ ስንፍና ሲባል አንዲት እናት የባላቸውን መታሰቢያ በብረት ዋጋ ሊሸጡ ነበር! ገንዘብ የተቀበለ ሰው ሥራውን ይወቅ። ካላወቀ «አላውቅም» ይበል፣ መኪናዋን አይስደብ!

ፒኑና ቦኮላው ተቀየረ። ሊንክ ፒኑ እስኪጠብቅ ታስሮ ትንሽ መለስ ተደረገ። የመሪው ሳጥን ላላ ተደርጎ ወደ ልኩ ተመለሰ። እማማ በዚያው ሳምንት ቢሾፍቱ ደርሰው መጡ።

ቱቦውን ቆርጠው በብየዳ ዝቅ ለሚያደርጉት ደግሞ፣ እባካችሁ ተዉ። የኛ መንገድ ዝቅ ያለች መኪና አይችልም። ደህና ያልተበየደ ቱቦ ቢለቅ ጎማው ነው አብሮ የሚሄደው።

ጎሚስታ ዘንድም ዝም አትበሉ። ሞተሯ ከኋላ ነው፣ አፍንጫዋ ቀላል ነው። በፈረንጆቹ 1960ዎቹ መመሪያ ሁለት ሰው ሲጫን የጎማው አየር ፊት 16፣ ኋላ 24 ፒ.ኤስ.አይ ገደማ ነበር። አራቱንም እኩል 30 ሞልቶላችሁ ከሄደ፣ ፊቷ መንገድ ላይ መዝለሏ አይገርምም።

ስለ ኋላ እግር አንድ ነገር ብቻ። ዲፈረንሻሉ ጋ ብቻ የሚታጠፈው የድሮው አክስል ያላችሁ፣ ኩርባ ውስጥ ገብታችሁ እግራችሁን ከነዳጅ መርገጫው ላይ በድንገት አታንሱ። የውጭው ጎማ ከስር ይታጠፍና ጀርባዋ ይነሳል። ፍጥነታችሁን ከኩርባው በፊት ቀንሱ።

ክሪክ፣ መቆሚያና የግራሶ ፓምፕ ከግቢው በር በስተቀኝ አስቀምጠናል። ከ1966 ሞዴል በፊት ያሉት፣ ኪንግ ፒን ያላቸው፣ ቅድሚያ ያግኙ። ከምሳ በኋላ በተራ አስገቡ፣ ፒናችሁን አብረን እንወዘውዛለን። አመሰግናለሁ።