የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ የትል ኮምፖስት ለጓሮና ለማሰሮ ተክል

ከአዲስ አበባ፣ በኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ ቆስጣና በሶብላ የሚያለሙ እናት፦ «ቨርሚኮምፖስት (የትል ኮምፖስት) ገዝቼ ማሰሮውን ጢም አድርጌ ሞላሁት። ቆስጣው ግን ቀጭጮ ቀረ። ጥሩ ማዳበሪያ ነው ሲባል አልነበር እንዴ?»

ነው እንጂ! ችግሩ መጠኑ ላይ ነው። የትል ኮምፖስት፣ ማለትም ትል ልጣጭና ፍግ በልቶ የሚያወጣው ማዳበሪያ፣ በጣም ደቃቅና ውኃ የሚይዝ ስለሆነ ብቻውን ማሰሮ ሲሞላ ይጠቀጠቃል፤ ሥሩም አየር ያጣል። በዚያ ላይ በውስጡ ያለው ጨው ለለጋ ችግኝ ይከብዳል። ከአሥር እጅ አንድ ወይም ሁለት እጅ ይበቃል። እኔ የምመክረው ስድስት ጣሳ ልል አፈር፣ ሁለት ጣሳ ሻካራ አሸዋ፣ ሁለት ጣሳ ኮምፖስት ነው። ዋልካ አፈር ለማሰሮ አይምረጡ፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲርስ ይላቁጣል። አሁን ያለውን አይጣሉት፤ ገልብጠው በዚሁ ልክ ከአፈር ጋር ቢያዋህዱት ለብዙ ማሰሮ ይዳረሳል። የማሰሮው ሥር ቀዳዳ እንዳለውም ይዩልኝ፤ ብዙ ሰው ማዳበሪያ አነሰ የሚለው ውኃ ተኝቶበት ነው።

ተክሉ ከበቀለ በኋላ ደግሞ በየሁለት ወሩ ገደማ አንድ እፍኝ ከግንዱ ራቅ አድርገው ይበትኑ፣ ላዩን በጣት ጫር ጫር አድርገው አፈር ያልብሱትና ያጠጡ። ፀሐይ ላይ ተጋልጦ ከደረቀ በውስጡ ካሉት ጠቃሚ ረቂቅ ተህዋስያን ብዙዎቹ ይሞታሉ። ኮምፖስቱን የምንፈልገው ደግሞ ከንጥረ ነገሩ ባልተናነሰ ለእነሱ ነው።

ከባሕር ዳር የደወሉ አባት፦ «ለጎመንና ለበቆሎዬ ዩሪያን ይተካልኛል?»

አባቴ፣ ለጎመኑ መደብ አዎ፤ ለበቆሎው ማሳ ግን ብቻውን ይበቃል ብዬ አልሸነግልዎትም። ዩሪያ ከመቶ 46 እጁ ናይትሮጅን ነው። የትል ኮምፖስት አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 እጅ ነው ያለው። የአንድ ኪሎ ዩሪያን ናይትሮጅን ለማግኘት ከ23 እስከ 46 ኪሎ ኮምፖስት ያስፈልግዎታል፤ እሱም ቀስ እያለ ነው የሚለቀው። ዩሪያ የማይሰጠውን ግን ይሰጣል፦ አፈሩ ይላላል፣ እርጥበት ይይዛል። ለጎመኑ በካሬ ሜትር ሁለት ሦስት ኪሎ ከመትከልዎ በፊት ያዋህዱ። በማሳው ላይ ሁለቱን እንዲተጋገዙ አድርገው ይጠቀሙባቸው።

ከሐዋሳ የደወለች ወጣት፦ «ከጓሮ ቆፍሬ ያወጣሁትን ትል ሳጥን ውስጥ ባደርገው አይሠራም? ምግቡስ?»

አብዛኛው የጓሮ ትል አፈር ውስጥ ጠልቆ የሚኖር ስለሆነ ሳጥን አይስማማውም። ለዚህ ሥራ የሚሆነው የሚበሰብስ ቅጠልና ፍግ ውስጥ የሚኖረው ቀይ ትል፣ በሳይንሳዊ ስሙ ኢሴኒያ ፌቲዳ ነው። የወረዳሽ ግብርና ጽሕፈት ቤት የሚያራባ ሰው ሊጠቁምሽ ይችላል። የአትክልት ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት፣ የተቀደደ ካርቶን ስጪው። እንጀራም ትንሽ ትንሽ ይበላል፤ ወጥ የነካው ግን አይሆንም፤ ጨው፣ ዘይትና በርበሬ ትሉን ይጎዱታል። ሥጋ፣ ብዙ ሽንኩርትና የሎሚ ልጣጭም ይቅር። ትኩስ የከብት እበት ስለሚግል ሁለት ሦስት ሳምንት አብላልተሽ፣ ከቀዘቀዘ በኋላ ጨምሪ።

ከድሬዳዋ፦ «ትሎቼ እየሞቱ ነው።»

ሙቀቱ ነው የሚመስለኝ። ከ15 እስከ 25 ዲግሪ ይመቻቸዋል፤ ከ35 በላይ ያልቃሉ። ሳጥኑን ከቆርቆሮ ጣሪያ ያርቁ፣ ጥላ ሥር መሬት ላይ ያኑሩት፣ እርጥብ ጆንያ ያልብሱት። ውስጡን ጨምቀው ጠብታ ብቻ ሲወጣው እርጥበቱ ልክ ነው።

ከአዳማ፦ «ኮምፖስቱን የጨመርኩበት ሁሉ የቲማቲም ችግኝ ይበቅላል።»

የትል ኮምፖስት እንደ ተራው ኮምፖስት ስለማይግል ዘር አይገድልም። በሽታ አምጪ ተህዋስያንንም ሁሉ አይገድልም። ስለዚህ ሰላጣ ላይ አይበትኑት፣ ከነካ በኋላም እጅ ይታጠቡ፣ ቅጠሉን በደንብ ይጠቡ። ከሳጥኑ ሥር የሚንጠባጠበውም ፈሳሽ እንዲሁ ነው፤ በአሥር እጅ ውኃ አቅጥነው ለአበባና ለዛፍ ሥር ብቻ ያፍስሱት፤ ከሸተተ ይድፉት።