እናት ስትታመም፦ ከፊልሙ በኋላ የመጡ የአድማጮች ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ባለፈው ዝግጅታችን ስለ አንዲት እናት የአእምሮ ሕመም የሚተርክ ድራማ ፊልም አንስተን ነበር። እናትየዋ 3ኛ ልጇን በወለደች በሳምንቷ እንቅልፍ ታጣለች፣ ድምፅ ትሰማለች፣ ሕክምና ጀምራ ታቋርጣለች፤ መጨረሻ ላይ በጓሮ ክፍል ውስጥ በሰንሰለት ታስራ እናያታለን። የምናያት በ9 ዓመት ሴት ልጇ ዓይን ነው። ስልኩ ከተከፈተ በኋላ «አለቀስኩ» ካሉት ይልቅ «ይሄ እኛም ቤት ነበር» ያሉት በዙ። የሚከተሉትን ጥያቄዎች የአእምሮ ሕክምና ስፔሻሊስትና የሳይካትሪ ነርስ አብረው መልሰዋቸዋል።

ጥያቄ (ከገርጂ)፦ ባልየው «አራስ ናት፣ ይለፍላታል» እያለ 10 ቀን ጠበቀ። እኔም ብሆን እንደሱ ነበር የማደርገው። በምን ይለያል?

መልስ፦ መጀመሪያ የሚያሳብቀው እንቅልፏ ነው። ማንኛዋም አራስ እንቅልፍ ይጎድላታል፤ ሕፃኑ ሲተኛ ግን እሷም ጭልጥ ትላለች። ሕፃኑ ተኝቶ እሷ ዓይኗ ፈጦ የምታድር ከሆነ፣ ያም ሆኖ «አልደከመኝም» የምትልና ንግግሯ የፈጠነ ከሆነ፣ ሌላ ሌሊት መጠበቅ አያስፈልግም።

ከወሊድ በኋላ ከ3ኛው እስከ 5ኛው ቀን አካባቢ ያለ ምክንያት ማልቀስና ሆድ መባስ ከግማሽ በላይ በሚሆኑ አራሶች ላይ ይታያል። በ2 ሳምንት ውስጥ በራሱ ይሄዳል። ከዚያ ካለፈ፣ ሕፃኑን ማየት ከከበዳት፣ ምግብ ካስጠላት፣ «ለእናንተ ሸክም ሆንኩ» ማለት ከጀመረች ድባቴ ሊሆን ስለሚችል ሕክምና ይፈልጋል። ያን ጊዜ «መሞት ያሰኝሻል ወይ?» ብላችሁ በግልጽ ጠይቋት። መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣባትም፤ ብዙዎች የሚጠይቃቸው ሰው ሲያገኙ ነው የሚተነፍሱት።

ፊልሙ ያሳየው ሌላ ነው፤ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ሳይኮሲስ (ከእውነታ የሚያለያይ የአእምሮ ሕመም) ይባላል። ከ1000 ወላዶች በ1 ወይም በ2 ላይ ይደርሳል፤ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት ይጀምራል። ጠባዩ በሰዓታት መለዋወጥ ነው። ጠዋት «ሕፃኑ የኔ አይደለም፣ ቀይረውብኛል» ያለች እናት ከሰዓት በኋላ ከጠያቂ ጋር እየሳቀች ቡና ትጠጣለች። ቤተሰቡም «ተሻላት» ብሎ ይተኛል። ባልየውን 10 ቀን ያስጠበቀውም ይኸው ነው።

ይህ ድንገተኛ ሕመም ስለሆነ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ትሂድ። ቢቻል ማዋለጃ ክፍል ወዳለው አጠቃላይ ሆስፒታል ውሰዷት፤ ምክንያቱም ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ኢንፌክሽን፣ ወባና የደም ግፊት መጨመርም ሰውን ያቃዣሉ። ሙቀቷ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ካላት፣ ከባድ ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ ካለ፣ ግፊቷ 140 በ90 ከደረሰ ወይም ካለፈ፣ «የአእምሮ ነው» ብሎ ሌላውን መዝለል ሕይወት ያስከፍላል። እስክትደርሱ ድረስ ከሕፃኑ ጋር ብቻዋን አትተዉአት። ነጥቃችሁም አትሽሹ፤ ሌላ ሰው ሕፃኑን አቅፎ አጠገቧ ይቀመጥ። መታከም ከጀመረች በኋላ አብዛኞቹ ይድናሉ፤ ይህን ፊልሙ ቢያሳየን ጥሩ ነበር።

አራስን ብቻዋን አለመተው የቆየ ልማዳችን ነው፤ ለዚህ ሕመምም ትልቅ ጥቅም አለው። የሚያበላሸው የጠያቂው ብዛት ነው። ከጠዋት እስከ ማታ እንግዳ እየተቀበለች፣ ሌሊት ሕፃን እያጠባች ስንት ሰዓት ትተኛለች? በተለይ ባይፖላር ሕመም (ስሜት ከልክ በላይ ከፍና ዝቅ የሚልበት) ያለባት ሴት ከወለደች በኋላ በዚህ የመያዝ ዕድሏ ከ5 አንድ ገደማ ነው፤ ቀደም ሲል ከወሊድ በኋላ የታመመች ከሆነች ደግሞ ወደ ግማሽ ይጠጋል። ለእንዲህ ዓይነቷ እናት ከ5 እስከ 6 ሰዓት የማይቆረጥ የሌሊት እንቅልፍ ማመቻቸት የቤተሰቡ ሥራ ነው። ከመተኛቷ በፊት ሕፃኑን ታጥባ፤ ቀጣዩን ቀድማ ባለበችው ወተት እናቷ ወይም ባሏ ይመግቡ። ታሪኳንም ገና በእርግዝና ክትትሏ ለሐኪም ትንገር። ለባይፖላሩ ቫልፕሮየት የምትወስድ ከሆነ ከማርገዟ በፊት መቀየር ያለበት መድኃኒት ነው፤ ጽንሱን ይጎዳል። በራሷ ፈቃድ በአንድ ጊዜ ማቆሙም ሌላ አደጋ ስላለው ከሐኪሟ ጋር ታድርገው።

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)፦ እናትየዋ ጸበል ስትገባ መድኃኒቱን አቆመች። የኔም እናት እንደዚያው አድርጋለች። ሁለቱ አብረው አይሄዱም ወይ?

መልስ፦ ይሄዳሉ። ጸበልና መድኃኒት በሆድ ውስጥ የሚጋጩበት ነገር የለም። ሟቹ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጸበልና የኤችአይቪ መድኃኒት አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በአደባባይ ተናግረው ነበር፤ ለአእምሮ መድኃኒትም የሚለይበት ምክንያት የለም። ጸበሉ ጠዋት በባዶ ሆድ ነው፤ አብዛኞቹ የሳይኮሲስ መድኃኒቶች ደግሞ በቀን አንዴ፣ ማታ፣ ምግብ ከተበላ በኋላ ሊወሰዱ ይችላሉ። ለሐኪሙ «ጸበል ልትገባ ነው» ብላችሁ ሰዓቱን አስተካክሉ። ወራት የምትቆይ ከሆነ ክኒኑን በየ4 ሳምንቱ በሚሰጥ መርፌ መተካት ይቻል እንደሆነ ጠይቁ፤ ክኒን መደበቅም መርሳትም አይኖርም።

ጥንቃቄ የሚፈልጉ ሁለት ነገሮች አሉ። ክሎርፕሮማዚን የተባለውን የሳይኮሲስ መድኃኒት የምትወስድ ሴት ስትነሳ ግፊቷ ይወርዳል፤ ማለዳ ሳትበላ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ቆማ ልትወድቅ ስለምትችል የሚደግፋት ሰው ይኑር። ለባይፖላር የሚሰጠውን ሊቲየም የምትወስድ ከሆነች ደግሞ ረጅም ጾም፣ ማስመለስና ተቅማጥ መድኃኒቱን ደም ውስጥ ያከማቹታል። እጇ በኃይል ከተንቀጠቀጠ፣ ካስመለሳት፣ ስትራመድ ከተንገዳገደች፣ አንደበቷ ከተሳሰረ ቀጣዩን ክኒን ሳትሰጡ በዚያው ቀን ሆስፒታል አድርሷት።

ብዙ ቤተሰብ መድኃኒት የሚያስቆምበትን ምክንያት ፊልሙ በአንድ ትዕይንት ነካ አድርጎታል፤ አንገቷ ተጣሞ፣ ዓይኗ ወደ ላይ ተሰቅሎ የምትታይበት ነው። እዚያ ላይ «ያደረባት ተቆጣ» ተባለ። ይህ እንደ ሃሎፐሪዶል ያሉ መድኃኒቶች በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚያመጡት የጡንቻ መኮማተር ነው። ያስፈራል እንጂ ጤና ተቋም ውስጥ በመርፌ በግማሽ ሰዓት ገደማ ይለቃል፤ ከዚያም መጠኑ ይቀነሳል ወይም መድኃኒቱ ይቀየራል። የሰውነት መገተር፣ ለሃጭ ማዝረብረብ፣ ቁጭ ብድግ የሚያሰኝ ዕረፍት ማጣት፣ ክብደት መጨመር፣ ሁሉም ለሐኪም ቢነገሩ መላ አላቸው። ሰውነቷ እንደ እንጨት ደርቆ ከባድ ትኩሳት ከመጣ ግን ድንገተኛ ነው፤ አትዘግዩ።

ሌላው አታላይ ነገር መድኃኒት ሲቆም ሕመሙ በማግስቱ አለመመለሱ ነው። ከሳምንታት እስከ ወራት ይቆያል። እንዲያውም ድንዛዜው ስለሚለቃት የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ነቃ ትላለች፤ ቤተሰቡም «መድኃኒቱ ነበር ያደከማት» ይላል። ከ3 ወር በኋላ ሲያገረሽ ደግሞ ከማቆሙ ጋር የሚያገናኘው ሰው አይኖርም። ለመጀመሪያ ጊዜ የታመመ ሰው ምልክቱ ከጠፋ በኋላ ቢያንስ 1 ዓመት መቀጠል አለበት፤ ደጋግሞ ላገረሸበት ዓመታት ነው። እናትዎን ዛሬውኑ ወደ ክትትሏ ይመልሷት፤ ደህና ብትመስልም።

ሰንሰለቱን በተመለከተ፦ የሚያስሩ ሰዎች በአብዛኛው ጨካኞች ስለሆኑ አይደለም፤ ወጥታ መኪና እንዳይገጫት ፈርተው ነው። ሆኖም ብረት ቁስል፣ የደም መርጋትና ኢንፌክሽን ያመጣል እንጂ ድምፁን አያጠፋም። የታሰረ ሰው ቤታችሁ ካለ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ንገሯት። ሕክምና ሲጀመር የመጀመሪያዎቹ ቀናት መረበሹን ያበርዱታል፤ ሰንሰለቱን የሚያስፈታውም ይኸው ነው።

ጥያቄ (ከሐዋሳ)፦ እናት ልጆቿን ከወደደች ራሷን መግዛት አያቅታትም ባይ ነኝ። ተሳስቻለሁ?

መልስ፦ አዎ። ታይፎይድ የያዛት እናት ስለ ልጆቿ ስትል ትኩሳቷን ማውረድ እንደማትችል ሁሉ ይሄም አይቻልም። ፊልሙ ውስጥ ልጇን ያባረረችው ስለጠላቻት አልነበረም፤ የምትሰማው ድምፅ «ከአንቺ ጋር ከቆየች ትሞታለች» ስላላት ነው።

ጥያቄ (ከአዳማ)፦ እናቴ ስኪዞፍሬኒያ (ድምፅ የሚያሰማና ሐሳብን የሚያዛባ የአእምሮ ሕመም) አለባት። እኔ 26 ዓመቴ ነው። ይወርሰኛል ብዬ ትዳር ሸሽቻለሁ።

መልስ፦ በጠቅላላው ሕዝብ ውስጥ ስኪዞፍሬኒያ ከ100 ሰው አንዱን ገደማ ይይዛል። አንዱ ወላጁ በታመመበት ሰው ላይ ወደ 10 በመቶ ከፍ ይላል። ይህ ማለት እንዳንቺ ካሉት 10 ሰዎች 9ኙ አይታመሙም ማለት ነው። ለትዳርሽ እንቅፋት የሚሆን ቁጥር አይደለም። በእጅሽ ያለው ሐሺሽ አለመንካት፣ ጫትና መጠጥ መራቅ፣ እንቅልፍ መጠበቅ ነው። ድምፅ መስማት ወይም ሰው ሁሉ የሚከታተልሽ መምሰል ከጀመረም ሳትደብቂ ቶሎ መታየት፤ በጊዜ የተጀመረ ሕክምና ውጤቱ የተሻለ ነው።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር፣ አስተማሪ)፦ የ9 ዓመቷ ልጅ ከአእምሮዬ አልጠፋ አለች። ክፍሌ ውስጥ እንደሷ ያለች አለች። ምን ልበላት?

መልስ፦ ማንም ምንም ስላላላት ነው ልጅቷ ያን ያህል የተሰቃየችው። አዋቂዎቹ በሹክሹክታ ሲያወሩ እሷ የራሷን ምክንያት ፈጠረች፤ «ወተቱን ስለደፋሁ ነው እማዬ የታመመችው» አለች። በዚህ ዕድሜ ያሉ ልጆች ጥፋቱን ወደ ራሳቸው ነው የሚስቡት።

መጀመሪያ የሚያሳድጋትን ዘመድ ያነጋግሩ፤ እሷ ቤት የማይታወቅ ነገር ከትምህርት ቤት ይዛ እንዳትገባ። ከዚያ ክፍሉ ባዶ ሲሆን በአጭሩ ይንገሯት፦ እማዬ ታማለች፤ የታመመው ሐሳቧና ስሜቷ ነው፤ አንቺ ያደረግሽው አይደለም፤ አንቺ ልታድኛትም አይጠበቅብሽም፤ የሚያክሟት ሰዎች አሉ። «በቅርቡ ትድናለች» ብለው ቃል አይግቡላት። ይልቅ ልጅ የሚያስጨንቃትን ተጨባጩን ነገር ይመልሱላት፤ ማን ያበላታል፣ ማን ከትምህርት ቤት ይወስዳታል፣ እማዬ ከተረበሸች የማንን በር ታንኳኳለች። የአንድ ጎረቤት ስምና ስልክ በቃሏ ትያዝ። ዘወትር የምታረፍድ፣ ክፍል ውስጥ የምትተኛ፣ ታናናሾቿን የምታበላ ከሆነች ቅጣቱ ይቅርና የቤት ሥራዋን ትምህርት ቤት የምትሠራበት ሰዓት ይመቻችላት። «እብዷ ልጅ» የሚል ተማሪ ካለ በዚያው ቀን ያስቁሙት።

ጥያቄ (ከዋሽንግተን)፦ ፊልሙን ካየሁ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም፤ እናቴን ቀብሬ ነው የመጣሁት።

መልስ፦ ያዩት የራስዎን ሐዘን ስለሆነ ጥቂት ቀን መረበሹ የሚጠበቅ ነው። ብቻዎን ደግመው አይዩት፤ እናትዎን ከሚያውቅ ሰው ጋር ስለ እሷ ያውሩ። ከ2 ሳምንት ካለፈ ሐኪም ይዩ። በሕይወት የመቆየት ፍላጎት ከጠፋብዎት አሜሪካ ውስጥ በማንኛውም ሰዓት 988 ይደውሉ፤ አስተርጓሚም መጠየቅ ይችላሉ።

ጥያቄ (የቴአትር ጥበባት ተማሪ)፦ በሙያችሁ ዓይን ፊልሙ የቱ ጋ ተሳሳተ?

መልስ፦ ተዋናይቷ የዕረፍት ማጣቱን ግሩም አድርጋ ሠርታዋለች። ስህተቶቹ ጽሑፉ ላይ ናቸው። በዚህ ዓይነት ሕመም ይበልጥ የሚደጋገመው ድምፅ መስማት ነው፤ ግድግዳው ላይ ጥርት ያሉ ሰዎችን አዘውትሮ ማየት ሐኪሙን ኢንፌክሽን፣ የሚጥል በሽታ ወይም ሱስ አምጪ ነገር እንዲፈልግ ያደርገዋል። ክኒን ውጣ በማግስቱ ድምፁ ጠፋ የሚለውም አይሆንም፤ በቀናት ውስጥ እንቅልፍና መረበሽ ይሻሻላሉ፣ ድምፁ ግን ከ2 እስከ 6 ሳምንት ይፈልጋል። ተመልካች ይህን ካመነ በ3ኛው ቀን «አልሠራም» ብሎ ይጥለዋል። ጎረቤትን በቢላ ያሳደደችበት ትዕይንት ደግሞ ብዙ ታማሚዎችን ጎድቷል። አብዛኞቹ ሰው አይነኩም፤ ይልቁንም የሚደበደቡትና የሚደፈሩት እነሱ ናቸው። ራስን የማጥፋት ትዕይንት የምትጽፉ ከሆነ ዘዴውን አታሳዩ፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ለፊልምና ለመድረክ ሠሪዎች ያወጣው መመሪያ አለ፣ አንብቡት።

ጥያቄ (ከድሬዳዋ)፦ እናቴ ቤሩት በቤት ሠራተኝነት ቆይታ ስትመለስ እንደ ፊልሟ ሴትዮ ሆነች። «ይከታተሉኛል» ትላለች፣ መስኮት ትዘጋለች። ሆስፒታል ስንላት «አማኑኤል ልታስገቡኝ ነው» ብላ ትሸሻለች።

መልስ፦ «የሚከታተልሽ የለም» ብላችሁ አትከራከሯት፤ «አዎ አሉ»ም አትበሏት። «ፈርተሻል፣ እንቅልፍም አጥተሻል፤ ለእንቅልፉ እንታይ» በሏት። ይህ ማታለል አይደለም፤ እንቅልፍ ማጣቷ እውነት ነው። የምታከብረው ሰው፣ ታላቅ እህቷ ወይም የነፍስ አባቷ፣ አብሯት ይሂድ። አማኑኤል ብቸኛው በር አይደለም፤ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ያላቸው ሌሎች ሆስፒታሎች፣ የሠለጠነ ባለሙያ ያላቸው ጤና ጣቢያዎችም አሉ። የመጀመሪያው ቀን ጥያቄና ምርመራ ነው፤ አብዛኛው ሰው መድኃኒት ተጽፎለት በዚያው ቀን ቤቱ ይመለሳል፣ ይህንንም አስቀድማችሁ ንገሯት።

በወረቀት ጽፋችሁ ሂዱ፦ መቼ ጀመረ፣ ስንት ሰዓት ትተኛለች፣ ምን ትበላለች፣ እዚያ አገር የወሰደችው መድኃኒት ካለ ከነማሸጊያው። እዚያ ምን እንደደረሰባት ግን በእናንተ ፊት እንድትናገር አታስገድዷት። ድብደባና ሌላም ነገር ሊኖር ይችላል፤ ከሴት ባለሙያ ጋር ብቻዋን የምትሆንበት ጊዜ ጠይቁላት። በቅዠት መባነኗና በር ሲንኳኳ መደንገጧ ከደረሰባት ነገር የመጣ ሊሆን ስለሚችል ሕክምናው ይለያል። መብላትና መጠጣት ካቆመች፣ ራሷን ወይም ሌላ ሰው እጎዳለሁ ካለች ግን ፈቃዷን መጠበቅ ይቀራል። ያን ጊዜ የምታምናቸው ሁለት ሦስት ሰዎች ሆናችሁ፣ ሳትደበድቡ፣ ሳታስሩ፣ የምታደርጉትን እየነገራችኋት በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል አድርሷት።