ባልየውስ ተመርምሯል?

የተከበራችሁ የእድራችን አባላት፣ አባቶቼና ወንድሞቼ፤

ሊቀመንበራችን «ስለ ወንዶች ጤና ትንሽ በለን» ብሎኛል። ግማሻችሁን መርፌ ወግቻችኋለሁ፣ ስለዚህ አንተፋፈርም። የመጣሁት ለአንድ ነገር ነው፤ ልጅ ሲዘገይ ሴቷን ብቻ ማንከራተት ይብቃን።

አንዲት የሰፈራችን ልጅ ወረቀት የታጨቀበት ፌስታል ይዛ መጣች። አልትራሳውንድ፣ የደም ምርመራ፣ የማህፀን ቱቦ ራጅ፣ ሁሉም አለ። ጸበሉም አልቀረም። አማቷ ቡና በተፈላ ቁጥር «ኧረ እስከ መቼ?» ትላታለች። ፌስታሉን ገለባብጬ አየሁት። የባልየው ስም ያለበት አንድ ወረቀት የለም! አስጠርቼ ብጠይቀው «እኔማ ወንድ ነኝ» አለኝ።

ወንድነትህን ማን ጠየቀህ? አልጋ ላይ ምንም የማይጎድለው ሰው የዘር ፈሳሹ ውስጥ አንድም የዘር ህዋስ ላይኖር ይችላል። ይሄ የሚታየው በማይክሮስኮፕ ነው። መውለድ ካቃታቸው ጥንዶች በግማሽ ያህሉ ከወንዱ በኩል ችግር ይገኛል፤ ለብቻው ወይም ከሴቷ ጋር ተደርቦ።

ሽማግሌ የምትቀመጡ አባቶች፣ ይሄ ለእናንተ ነው። «መካን ናት» ተብላ የተፈታች ሴት አጋሮ ከተማ ሌላ ባል አግብታ ስትወልድ አላያችሁም? ያኔ ማን ይቅርታ ጠየቃት? ማንም!

ምርመራው ቀላል ነው። ከ2 እስከ 7 ቀን ከግንኙነት ተቆጥቦ ፈሳሹን በንጹህ ዕቃ መስጠት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ ዝቅተኛው መነሻ በሚሊ ሊትር 16 ሚሊዮን የዘር ህዋስ ነው። ከዚያ ያነሰ ሁሉ አይወልድም ማለት ግን አይደለም፤ ምርመራው ይደገማል። ዘር ተመርቶ እስኪደርስ ሁለት ወር ተኩል ገደማ ስለሚፈጅ፣ ሲጋራ ትናንት አቁሞ ዛሬ ለውጥ መጠበቅ የለም።

የበርጫውን ነገር ዛሬ አልነካም፣ ትጣሉኛላችሁ። አብሮት የሚጨሰው ሲጋራ ግን ዘር ይጎዳል። ጂም የምትሠሩ ልጆች፣ ለጡንቻ ተብሎ የሚወጋው የወንድ ሆርሞን የዘር ምርትን ያቆማል። ጨብጥም በሁለት ኪኒን ግምት አይታከምም፤ ሐኪም ይይላችሁ። ልጃችሁን ድንገት ቆለጡን ክፉኛ ካመመው ደግሞ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ውሰዱት። ተጠማዞ ከሆነ፣ ሕመሙ ከጀመረ 6 ሰዓት ካለፈው ቆለጡ ሊጠፋ ይችላል።

አሁን ሐሳቤን ለቤቱ ላቅርብ። ከእንግዲህ «አልወለደችልኝም» ብሎ ፍቺ የሚጠይቅ ባል፣ ሽማግሌ ፊት ከመቆሙ በፊት የራሱን ውጤት ይዞ ይምጣ። ጸሐፊያችን፣ ቃለ ጉባኤው ላይ ይያዝልኝ።