በኅዳር 12 ማስኩ ሲወልቅ

የተከበራችሁ የወረዳችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ ደንብ አስከባሪዎች፣ የዕድር ዳኞች፣ እንደምን ዋላችሁ።

ዛሬ ኅዳር 12 ነው። ኅዳር ሲታጠን። ግማሾቻችሁ የጭሱን ሽታ በልብሳችሁ ይዛችሁ እንደገባችሁ ይታወቀኛል። ልማዱ ከየት እንደመጣ ታውቃላችሁ። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ያልነው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባ ገብቶ ሺዎችን ጨረሰ። ራስ ተፈሪም ታመው ነው የተረፉት።

በዚያው ዓመት፣ በዚያው በኅዳር 12 ቀን፣ ባሕር ማዶ አሜሪካ፣ ሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ውስጥ ሌላ ነገር ተደረገ። እኩለ ቀን ላይ የከተማው ፊሽካ ጮኸ። ሕዝቡ ማስኩን ከፊቱ እየገነጠለ መንገድ ላይ ወረወረ። በሽታው ያው የእኛው የኅዳር በሽታ ነበር። እነሱ ግን አለቀ ብለው ጨፈሩ።

ማስክ አድርጉ የሚለውን ደንብ ያወጣው የከተማው ምክር ቤት ነበር። ከጥቅምት 15 ጀምሮ ማስክ ግዴታ ሆነ። ያላደረገ ከ5 እስከ 100 ዶላር ይቀጣል፣ አለዚያም እስከ 10 ቀን ይታሰራል። ፖሊስ በመቶዎች የሚቆጠር ሰው ያዘ። መጀመሪያ ላይ አብዛኛው ሕዝብ ታዘዘ፤ እንዲያውም በኩራት።

ከዚያ ጉዱ መጣ። ከንቲባው ጄምስ ሮልፍና የጤና ኃላፊው ዶክተር ዊሊያም ሃስለር የቦክስ ግጥሚያ ሊያዩ ገቡ። ያለ ማስክ። ፎቶ ተነሱ። ደንቡን ለምነው ያስወጡት እኮ ራሳቸው ሃስለር ናቸው! ሁለቱም ተቀጡ፤ ከንቲባው 50 ዶላር ከፈሉ። መቀጣታቸው ደግ ነው። ፎቶው ግን ሰው አእምሮ ውስጥ ቀረ።

በሽታው ተመለሰ። በጥር ወር ማስክ እንደገና ግዴታ ሲሆን ያ ሕዝብ የድሮው ሕዝብ አልነበረም። ፀረ ማስክ ማኅበር ተቋቋመ፤ ትልቅ አዳራሽ ሞልቶ ስብሰባ ተደረገ። ደንቡ ሁለት ሳምንት ብቻ ቆይቶ ተነሳ። ተቃዋሚዎቹ ዝም ብለው አመጸኞች ነበሩ ለማለት ይከብደኛል። ማስኩ ከስስ ሻሽ የተሰፋ ነበር። በኋላ የካሊፎርኒያ የጤና ባለሙያዎች ሞክረው ሲያዩት ስሱ ሻሽ እምብዛም አያግድም፤ ሲደራረብ ደግሞ ትንፋሹ በጎን ያመልጣል።

የእኛንም እናንሳ። በ2012 መጋቢት 4 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ ተገኘ። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ማስክም ግዴታ ሆነ። አዋጁ ሲያልቅ በ2013 መመሪያ መጣ፣ እስከ ሁለት ዓመት እስራት ያለው። ታዲያ ምን አየን? አገጭ ላይ የተንጠለጠለ ማስክ። ባንክ በር ላይ ከኪስ ወጥቶ ከባንክ ሲወጡ ወደ ኪስ የሚመለስ ማስክ። አንዱን የወረቀት ማስክ ሳምንት ሙሉ ያደረገ ሰው ነበር፤ በየቀኑ መግዣ ከየት ያምጣ?

በጊዜው ሥራውን በደንብ የሠራው ወያላው ነበር ብዬ አምናለሁ። «ማስክ!» ይላል፣ ያላደረገ አይሳፈርም። ክስ የለ፣ ጣቢያ የለ። የሚፈልጉት ታክሲ ፊታቸው ቆሟል፣ ማስክ የሚሸጠው ልጅም አጠገቡ አለ። እርግጥ ነው ወያላው ራሱ አገጩ ላይ ሲያደርገው ጨዋታው ያበቃል። እንደ ከንቲባው መሆኑ ነው።

ወረዳ አዋጅ አያወጣም። ግን አዋጁ ሰው ደጅ የሚደርሰው በእናንተ በኩል ነው። ስለዚህ ከሰዓት በምትወያዩበት የወረርሽኝ ዝግጁነት ረቂቅ ላይ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ስለ ማስክ የሚያወራው ክፍል አሁን ባለበት ስለ ቅጣት ብቻ ነው የሚለው። መግዛት ለማይችል ሰው ማስኩን ማን እንደሚሰጥ ይጻፍበት። ዕድሮች እዚህ ላይ ከማንም ይሻላሉ፤ የትኛው ቤት ምን እንደጎደለው ያውቃሉ። ደንቡ የሚነሳው ምን ሲሆን እንደሆነና በሽታው ቢመለስ እንደገና እንደሚጀመር ከመጀመሪያው ቀን ለሕዝቡ ይነገር። ኃላፊ ያለ ማስክ ሲገኝ ደግሞ ቅጣቱ እጥፍ ይሁን። ይህኛው ላይ አንዳንዶቻችሁ እንደማትስማሙ ይገባኛል፤ ከሰዓት እንከራከርበታለን።

አመሰግናለሁ።